ናሙና ሃያ ሦስት

አባቴ ቡና ቀማሽ ነበር። እኛ ከተማ፣ ሚዛን፣ ቡና ቀማሽ የሆነን ሰው መንገድ ላይ ሁሉም ቆሞ ሰላም ይለዋል፤ አለፍ ሲል ደግሞ "የእኔን ቡና ስድስት ያለው እኮ እሱ ነው" እያለ ያማዋል። ደረጃው ከአንድ እስከ ዘጠኝ ነው። አንድ ምርጡ፣ ዘጠኝ የመጨረሻው፣ ከዚያ ወዲያ ያለው "ከደረጃ በታች" ተብሎ ይጻፋል። አባቴ ይህን ቁጥር ቤትም ይዞት ይገባ ነበር። ሦስተኛ ክፍል ሆኜ ፍየል ስዬ ባሳየው፣ ወረቀቱን አራቅ አድርጎ ብዙ ካየው በኋላ "ጭራዋ ጥሩ ነው። አንድ እግር ይጎድላታል። አምስት" አለኝ። እናቴ ከጓዳ "አንተ ሰውዬ፣ ልጅ እኮ ናት!" ብትለው፣ "እኔ መች ልጅቷን አልኩ፤ ፍየሏን ነው እንጂ" ብሎ መለሰላት።

እንግዲህ እኔ አድጌ፣ ተምሬ፣ ከዚህ ሰው አንድ ቁጥር ፈለግኩ። የማወራላችሁ ስለዚያች ቁጥር ነው።

ቅምሻ እንዴት እንደሚሠራ ያላየ ሰው ሲያየው ይስቃል። ናሙናው የባለቤቱ ስም ሳይኖርበት ቁጥር ብቻ ተለጥፎበት ይመጣል። ቀማሹ በማንኪያ ጨልፎ፣ ሽርርርፕ አድርጎ በድምፅ ይስበዋል፣ አፉ ውስጥ ያንከባልለዋል፣ ከዚያ ይተፋዋል። መዋጥ የለም። "የዋጠ ሰው መፍረድ አይችልም፤ ወዶታል ማለት ነው" ይል ነበር አባቴ። አንዱን ስኒ ደግሞ ሦስቴ ነው የሚቀምሰው፦ ትኩስ ሆኖ፣ ለብ ሲል፣ ሲቀዘቅዝ። ትኩስ ሲሆን ሁሉም ቡና ሸንጋይ ነው አሉ፤ ጉዱ የሚወጣው ሲቀዘቅዝ ነው። ያ ሽርርርፕ የሚለው ነገር ልማድ ሆኖበት ሰርግ ቤት ሾርባ ሲቀርብለት እናቴ በሃፍረት ትሞት ነበር።

አንድ ሌላ ሕግ አለ፤ እሱ ቤታችንን አናግቶታል። "ያወቀ ይነሳል" ይባላል። ናሙናው የማን እንደሆነ ከጠረኑ ያወቀ ቀማሽ፣ ያ ሰው ዘመዱም ይሁን ጠላቱ፣ ማንኪያውን አንስቶ ከጠረጴዛው ይነሳል። የእናቴ ወንድም ሸኮ በኩል የቡና መሬት አለው። አንድ ዓመት አባቴ የእሱን ቡና ገና አፍንጫው ላይ ሲደርስ አወቀውና ብድግ አለ። ሌላ ቀማሽ ተተካ፤ ሰባት ተባለ። አጎቴ ነገሩን ሲሰማ ጨሰ። "አማቼ ብለህ አንድ ቁጥር እንኳን መቀነስ አቃተህ?" አለው። አባቴም "ብቀመጥ ስምንት ነበር የምልህ" አለና እሳቱ ላይ ጋዝ ጨመረበት። አጎቴ ዓመት ሙሉ ደጃችንን አልረገጠም፤ ለፋሲካ የሚልካትን በግ እንኳን አስቀረብን።

ከዚያ ኮሮና መጣ። አባቴን ለሁለት ሳምንት ጣለው፤ ተነሳ፣ እግዜር ይመስገን፤ አፍንጫው ግን አብሮት አልተነሳም። ሥራ ገብቶ ጥቂት ቀን ሞከረ። አንድ ጠዋት ማንኪያውን አስቀመጠና አለቃውን "እኔ ውሃ ነው የምጠጣው። በዚህ ሳምንት የቀመስኩትን ሁሉ ሌላ ሰው ይድገመው" ብሎት ወጣ። ሲሰናበት የሚቀምስባትን ማንኪያ መረቁለት። ቡና ሲያብብ እዚህ አገር መንገዱ ሁሉ ያውዳል፤ በዚያ ሰሞን በር ላይ ቆሞ አየሩን ሲስብ፣ ሲስብ፣ ደግሞ ሲስብ አየሁትና ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይላሉ፤ የእኔው አባት ላይ ሲደርስ ተረት ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ።

እኔ ቴፒ ኮምፒውተር ተምሬ፣ ተመርቄ፣ ሥራ አጥቼ ቤት የገባሁት ከዚህ በኋላ ነው። ሁለት ሥራ ፈቶች አንድ በረንዳ ላይ ሆንን። ክረምቱ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ እሱ ዝናብ ያያል፣ እኔ ስልኬ ላይ ጌም እጫወታለሁ። አንድ ቀን የጫንኩት የአውቶቡስ ጌም አናደደኝና "ኤጭ! የማይረባ!" ብዬ ስልኩን ወረወርኩት።

አባቴ ዞር አለ። ከመጣሁ ጀምሮ እንደዚያ ዓይኑ ሲበራ አላየሁትም።

"ምኑ ነው የማይረባው?"

"ሁሉ ነገሩ።"

"እሱ ምርመራ አይደለም፣ ስንፍና ነው። የቱ ጋ ነው የተበላሸው? የቱስ ጋ ደህና ነው? አምጪው እስቲ።"

አሮጌ ስልኬን ሰጠሁት፤ መስታወቱ ጥጉ ላይ ከመሰንጠቁ በቀር ደህና ስልክ ነው። ጣቶቹ መጀመሪያ አልታዘዙትም። አውቶቡሱን ሁለቴ ገደል ከተተው፤ በሦስተኛው መንገድ ያዘ። ከሰዓት በኋላ እንደገና ነዳ፣ በማግስቱም ደገመ። ትኩስ፣ ለብ ያለ፣ ቀዝቃዛ ማለት ነው። ከዚያ የድሮ የትምህርት ቤት ደብተሬን አስመጥቶ አራት ዓምድ አሰመረ፦ ንጽሕና፣ ኮምጣጣነት፣ ክብደት፣ ጣዕም። ማንኪያዋን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ደብተሩ አጠገብ አስቀመጣትና መጻፍ ጀመረ።

"መሪው ንጹሕ ነው፤ ስትጠመዝዢው ይታዘዛል" አለ። "ተሳፋሪ ሲወርድ በሩን በእጁ ይዘጋል፤ ይህን ያሰበ ሰው ይባረክ። ግን ተራራው ላይ ሞተሩ አይደክምም። መንገዱ ላይ ጭቃ የለም። ከማጂ በክረምት ተሳፍሮ የመጣ ሰው ይህን ቢያይ በሳቅ ይሞታል። ክብደት የለውም። አምስት።"

 የማይረባ ያልኩት ጌም ነው፤ ያን በር የሚዘጋ ሰውዬ ግን ከነመኖሩም አላየሁትም ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሥራ አገኘን። ገበያ አጠገብ ካለው ሞባይል ቤት ጌም አስጭኜ እመጣለሁ፣ እሱ ይቀምሳል። እኔም መቅመስ ተማርኩ። ምርጥ የሚባሉትን ጌሞች ያ ስልክ አይችላቸውም፤ ስለዚህ የሚደርሰን ሁሉ መካከለኛው ነው። አንድ የኳስ ጌም ነበር፤ ሃያ ሁለቱም ተጫዋች አንድ ፊት ነው ያላቸው፣ ኳሱ እግራቸው ላይ በሙጫ የተለጠፈ ነው የሚመስለው። ግን ግብ ጠባቂው ሲገባበት ቁጭ ብሎ ጓንቱን ያያል። አባቴ ለጌሙ ስድስት ሰጠና ለግብ ጠባቂው ብቻ ለየት አድርጎ ሦስት ጻፈለት። የዓሣ ማጥመጃው ደግሞ አሳሳተን። ትኩስ ሆኖ ወደድነው፤ ውሃው ጸጥ ያለ፣ መጠበቁ ደስ የሚል፤ አራት ሊለው ነበር። በሦስተኛው ቀን ዝም ብሎ ቆጠረ። ዓሣው ሁልጊዜ አሥራ አንድ ሲቆጠር ነው የሚመጣው። "አየሽ? ሲቀዘቅዝ ተናገረ" አለና ስድስት ላይ ጣለው። ቤተ መንግሥት የሚገነባበትን ግን ገና በትኩሱ ተፋው፤ ድንጋይ ባስቀመጥክ ቁጥር ማስታወቂያ ያሳያል። "የሻገተች አንዲት ፍሬ ጆንያውን ታበላሻለች" አለና ከደረጃ በታች ጻፈበት፤ ከዚያ በፊት ግን መኮንኖቹ በደንብ እንደተሳሉ መመስከሩን አልተወም።

አንድ ቀን "አባዬ፣ ይሄ ሁሉ አምስት ለሆነ ነገር ምን ያደክምሃል?" አልኩት።

"አንድና ሁለቱ መርከብ ላይ ይጫናል" አለኝ። "እዚህ ሰፈር ሰውን ከመኝታው የሚያስነሳው አምስት ነው። አምስትን የናቀ አገሩን አያውቅም።"

ይህን ቃል ሰምቼ ነው መሰል ድፍረት ያገኘሁት። ለካ አልነገርኳችሁም፤ እኔም ጌም እየሠራሁ ነበር። ከቴፒ ይዤው በመጣሁት ላፕቶፕ፣ መብራት ሲኖር እሠራለሁ፣ ሲሄድ እሳደባለሁ። ቀላል ነገር ነው፤ አንዲት ሴት በቡና ረድፍ መሃል እየሄደች ቀዩን ትለቅማለች፣ አረንጓዴውን ትተዋለች፣ ዝናብ ሳይመጣባት ረድፉን ትጨርሳለች። ሠላሳ ረድፍ አለው። እናቴ ስሠራ ባየችኝ ቁጥር "ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም" ትለኛለች። በዚያው ሰሞን ቱም ከተማ የጸሐፊነት ሥራ ወጣ፤ ምዝገባው ሰኞ ያበቃል። እናቴ ወረቀቶቼን ሁሉ ፖስታ ውስጥ አዘጋጅታ ጨርሳለች። እኔ ግን በልቤ ማልኩ፦ አባቴ አራት ካለኝ ጌሙን እቀጥላለሁ፤ አምስት ካለኝ፣ አምስትን የቱንም ያህል ቢያከብር፣ ሰኞ ቱም ሄጄ እመዘገባለሁ፣ ላፕቶፑንም እሸጠዋለሁ።

ብነግረው በስም ሊቀምስ ነው። ስለዚህ ስሙን አጠፋሁ፣ መለያ ሥዕሉን ተራ ቡናማ አራት ማዕዘን አደረግኩት፣ ስልኩ ላይ ጫንኩና ዓርብ ጠዋት "ናሙና ሃያ ሦስት። ከሞባይል ቤት ነው" ብዬ ሰጠሁት። ውሸቴን ነው።

ማንኪያዋን አወጣ። ከፈተው። አንደኛውን ረድፍ ጨረሰ፣ ሁለተኛውን ጀመረና መሃል ላይ እጁ ቆመ። ፊቱ ተለወጠ። ስልኩን በጀርባው ገልብጦ ደብተሩ ላይ አኖረው። ያንን ማስታወቂያ የሞላበትን ጌም እንኳን ከዚህ በላይ ነበር የታገሠው። አለቀልኝ አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ለብ ያለውን ሲቀምስ አጠገቡ ልቀመጥ ስል "ስኳር አልቋል፣ ሂጂ ግዢ" አለኝ። ስኳር አላለቀም፤ ጣሳው ሞልቶ አይቼዋለሁ። ቢሆንም ሄድኩ። ቅዳሜ ገበያ ቀን ነው፤ እናቴ የላከችኝን ስገዛ፣ ወረፋ ስጠብቅ፣ ዝናብ ሲይዘኝ አረፈድኩ። ስመለስ አባቴ በረንዳው ላይ ስልኩን ኪሱ ውስጥ ሲከት አየሁት፤ ያየሁት አልመሰለውም።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደብተሩን ዘረጋ። ቀዝቃዛው ቅምሻ መሆኑ ነው። 

"ንጽሕና" አለና አነበበ። "ቀይዋን ፍሬ ስትነኪ የምትሰጠው ድምፅ ንጹሕ ናት። ኮምጣጣነት፦ ዝናቡ ልብ ያንጠለጥላል፤ ነጎድጓዱ ግን ከዝናቡ ዘግይቶ ነው የሚመጣው፣ ይስተካከል። ጣዕም፦ አረንጓዴውን ብትቀጥፊ ጌሙ አይቆጣሽም። ዝም ይላል። በሚቀጥለው ረድፍ ግን ዛፉ ትንሽ ነው የሚሰጥሽ። ይህን የሠራ ሰው ቡና ያውቃል፤ ሰውም ያውቃል።" ገጹን ገለጠ። "ክብደት። እዚህ ጋ ነው ጥፋቱ። ቅርጫቱ ሲሞላ አይከብድም። ሴትየዋ በባዶውም በሙሉውም አንድ ዓይነት ነው የምትራመደው። ቡና ለቅሞ ያደረ ወገብ እንደዚያ አይሄድም። ከአሥረኛው እስከ አሥራ አምስተኛው ያለው ረድፍም አንድ ነው፣ ያሰለቻል።"

እውነቱን ነው። እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው፤ ጥፋቶቹን ሁሉ ውስጤ ያውቃቸው ነበር።

"ደረጃውስ?" አልኩ። ወደ ደብተሩ ጎንበስ አልኩ። "ደረጃውስ፣ አባዬ?"

እስክሪብቶውን ከደነው። ማንኪያዋን በመሀረብ ጠረገና ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ። ከዚያ ጉልበቱን ይዞ ብድግ አለ።

ገባኝ፣ እና ተናደድኩ። እንዴት ነው የተናደድኩት! "ተቀመጥ!" አልኩት፤ አባቴን እንደዚያ ተናግሬው አላውቅም። "ነገ ሰኞ ነው፤ አንድ ቁጥር ነው የምፈልገው። ስድስትም በለኝ፣ ሰባትም በለኝ!"

"ያወቀ ይነሳል" አለኝ ቀስ ብሎ።

"ማን ነገረህ? እማዬ ናት?"

"ማንም አልነገረኝም። ለቃሚዋ ግራኝ ናት።"

ስልኩን ነጥቄ ከፈትኩት። እግዜር ያሳያችሁ፣ ስምንት ወር ስስላት፣ ሳስሄዳት፣ ሳርማት፣ አላየሁትም። ሴትየዋ ቅርጫቷን በቀኝ ጎኗ አስራ በግራ እጇ ነው የምትለቅመው። እናቴ ግራኝ ናት። ከቤንች መንደሯ ወጥታ ቴፒ ባለው ሰፊ የቡና እርሻ ቀን ሠራተኛ ሳለች ነው አባቴ ያገኛት፤ እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ጓሯችን ውስጥ ስትለቅም ያየሁት እሷን ብቻ ነው። ቡና መልቀም ለእኔ በግራ እጅ የሚሠራ ሥራ ነው፤ ሌላ መንገድ ያለው አልመሰለኝም።

"መቼ አወቅካት?"

"በትኩሱ፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ።"

"እንግዲያ በትኩሱ መነሳት ነበረብሃ!" ጮህኩ። "ለአጎቴ ጊዜ አፍንጫህ ላይ ሲደርስ አይደል የተነሳኸው? እኔን ለምን እስከ ቀዝቃዛው አስጠበቅከኝ?"

አባቴ ደብተሩን አጠፈና ጫማውን አየ። 

እናቴ ጎመን የምትከትፍበትን ቢላ እንደያዘች በር ላይ ብቅ አለች። "ምን ይበልሽ ታዲያ?" አለች። "ትናንት አንቺ ገበያ ከወጣሽ ጀምሮ እስክትመለሺ እኔን ሲያስለቅመኝ ዋለ እኮ። ምሳ ቢሉት የለም፣ ሰው መጣ ቢሉት የለም። 'ጎንበስ በይ፣ እሱን ተይው፣ ዝናቡ ደረሰብሽ' እያለ ለስልኩ ሲያወራ ነበር። እንዲህ ተጨንቆልኝ ቢያውቅ ኖሮ እርሻው ላይ ሳለሁ ቅርጫቴን ይይዝልኝ ነበር!"

"ያዝኩልሽ እንጂ" አለ አባቴ፣ ድምፁ ከእግሩ ሥር ነው የሚሰማው።

"አንድ ቀን!"

ስህተት እንድለይበት ብዬ ጌሙ ውስጥ የደበቅኩት መቁጠሪያ አለ፤ እያንዳንዱ ረድፍ ስንት ጊዜ እንደተለቀመ ይመዘግባል። ከፈትኩት። ሠላሳውም ረድፍ አልቋል። ሠላሳኛውን ለራሴ ነበር የሠራሁት፤ ማንም እስከዚያ አይደርስም ብዬ። እዚያ ዝናቡ ሲመጣ መሸሽ የለም። ሴትየዋ ቅርጫቷን ታወርድና ከግራሩ ጥላ ሥር ትቀመጣለች፣ እግሯን ትዘረጋለች። ሌላ ምንም አይሆንም። መቁጠሪያው ላይ አሥራ አራት ጊዜ ይላል።

"አባዬ" አልኩት፣ "ዋጥከው እንዴ?"

"ዋጥኩት" አለ። ዓይኑ እርጥብ ነበር። "እስከ አተላው። አፍንጫዬ ከሄደ ወዲህ አንድ ነገር ሲጣፍጠኝ የመጀመሪያዬ ነው። ታዲያ እንዴት አድርጌ ነው ቁጥር የምሰጥሽ?"

ደብተሩ አሁንም እኔ ጋ አለ። ሃያ ሁለት ናሙና ከነደረጃው፣ ከእነሱም በኋላ ብዙ። ከሃያ ሦስት ፊት ለፊት ያለው ቦታ ባዶ ነው።

ሰኞ ጠዋት እናቴ ፖስታውን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችልኝ። አየሁት፣ ወደ ጎን ገፋ አደረግኩት። ላፕቶፑን ከፈትኩ፣ መብራት ነበር፣ የመጀመሪያውን ረድፍ አወጣሁና ቅርጫቱን ማክበድ ጀመርኩ።